የጋሼ መርሻ ልዋጭ

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ወደ ጫንጮ ስንሄድ መኪናችን ሱሉልታ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከፊት ለፊቴ ድርቆሽ እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ነፋሱ ዞር ሲል ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ድርቆሽ ሲሸተው ከብትና በረት ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ ሁለተኛ ክፍል ነው።

የተማርንበት ቤት ግማሹ የትምህርት ቤቱ ድርቆሽ ማስቀመጫ ነበር። በመሃል የቆመው የጣውላ ግድግዳ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብናኙ ወደኛ እየገባ ደብተራችን ላይ ያርፋል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ብናኙ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ እያየሁ፣ አማርኛ የሚባለው ነገር ከዚያ ብናኝ ጋር በአፍንጫ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። የከተማ ልጆች ብዙ ስለሚያስነጥሱ ነው የሚችሉት፣ እል ነበር በልቤ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከረግረጉ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቦታ ላይ ስለነበር፣ በቤትም በመንደርም የምንናገረው ኦሮምኛ ብቻ ነው። አባቴ ኦቦ ቱፋ ግን ወረቀት የምታነብ ልጅ ይፈልግ ነበርና፣ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በደብራችን ቄስ ዘንድ ፊደል አስቆጥሮኝ ነበር። ትምህርት ቤት ልመዘገብ የሄድን ቀን ዳይሬክተሩ መጽሐፍ ሰጡኝ። ከላይ እስከ ታች ሳልደናቀፍ አነበብኩት። «ይቺ ልጅማ አንደኛ ክፍል ምን ትሠራለች?» አሉና ሁለተኛ ክፍል አስገቡኝ። አባቴ በኩራት ደረቱ ተነፋ። ያነበብኩት ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር አላፈርኩም።

የአማርኛ አስተማሪያችን ጋሼ ታፈሰ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ከረባት ሳያስሩ ክፍል ገብተው አያውቁም። ሰዓት አያሳልፉም፣ ደብተር ሳያርሙ አይመልሱም። ሲጠይቁ ግን ማስመሪያቸውን በጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ሦስተኛው ሳይሰማ መመለስ አለብህ። ካልመለስክ አራተኛው የሚያርፈው መዳፍህ ላይ ነው። እኔ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገና ሳስብ ሦስቱ ያልቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ከብት ሳሉና ወደኔ ዞረው «ላም!» አሉ፤ ድገሚ ማለታቸው ነበር። በኛ ቋንቋ «ለማ» ማለት ሁለት ነው። ሰሌዳውን አየሁት። የተሳለችው አንዲት ናት። አስተማሪው መቁጠር ተሳሳቱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እንዳያፍሩም አሰብኩና ቀስ ብዬ «ቶኮ» አልኳቸው፤ አንድ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። መጽሐፍ እንደ ውሃ የምታንበለብል ልጅ ላም ማለት አቃታት ቢባል ማን ያምናል? ሆን ብላ ትቀልድብኛለች ብለው መደምደማቸው አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ የመዳፌ ቃጠሎ ብቻ ነው።

ከዚያ የባሰው «የሚያውቅ፣ እጅ ወደ ላይ!» የሚሉት ነገር ነበር። ይህንን በቀን ሃያ ጊዜ ይሉታል። እሳቸው ሲሉ እኔ ፈጥኜ ዓይኔን ወደ ላይ አነሳለሁ። ፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ዓይኔን ሳነሳ የማገኘው የሳቸውን ፊት ነው። ታዛዥነቴን ላሳይ ብዬ ሳልርገበገብ አያቸዋለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው አስናቀች እጇን ታወጣለች፤ ከኋላም የሚያወጡ አሉ፤ እኔ የከተማ ልጆች ጠባይ አድርጌ አየው ነበር።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» ይላሉ ጋሼ ታፈሰ። «መልሺ!» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ እንደዚያው እያየኋቸው፣ ማስመሪያው ካረፈብኝ በኋላ «በዓይንሽ ልትበይኝ ነው?» አሉ። ይህን ብለው ወደ ሰሌዳው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ጎናቸውን ይዘው ጎበጡ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ወንበር ላይ እንኳ መቀመጥ አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አስቁመው ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዷቸው።

አስናቀች ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተንፏቃ «በላቻቸው» አለች። ይህን ቃል አውቀው ነበር። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? የተናገሩት አስተማሪው ናቸው፤ ወዲያው የወደቁትም እሳቸው ናቸው። ቤቴ ገብቼ የማንንም ፊት ማየት ተውኩ። በዚያ ሳምንት ላማችን ስትወልድ ሁሉም ጥጃዋን ሊያይ ሲሮጥ እኔ ግድግዳ ላይ ፊቴን ደፍቼ ቆምኩ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ስታዞረኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አባቴ ሲሰማ «ልጄን ቡዳ ከሚሉ ሰዎች ዘንድ ወረቀት ማንበብ አትማርም» አለና ደብተሬን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቀለው።

ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ቤታችን መጣ። ጭቃው ቅልጥሙን አልፏል። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመና በኃይለኛ ድምፅ «አከም ቡልቴ፣ ኦቦ ቱፋ!» አለ።

አባቴ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ታናናሾቼ ሳቁ። ሰውየው እንደተሳሳተ ገባው። ወደኛ ወደ ልጆቹ ዞሮ በአማርኛ «ምን አጠፋሁ?» አለን። እንደ ጋሼ ታፈሰ ይቆጥራል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆጠረም። ጀርባውን ሰጠንና ወደ ሜዳው፣ ወደሚግጡት ከብቶች ማየት ጀመረ። ማንም የማያየኝ መስሎ ሲሰማኝ ቃል ከአፌ ወጣ።

«ቡልቴ ጠዋት» አልኩ። «አሁን ኦልተን።»

አልዞረም። «ሌላስ?»

«ቡልቴ ለልጅ። አባቴ ትልቅ።»

ለአባቴ «አንተ እንዴት አደርክ» ብሎት ነበር፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እንደገና ልግባ» አለና ከአጥሩ ወጥቶ፣ ጥቂት ሄዶ ተመልሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ «አከም ኦልተን፣ ኦቦ ቱፋ» አለ። አባቴ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ተነስቶ በርጩማውን ሰጠው፤ እናቴም እርጎ አመጣች።

አዲሱ አስተማሪ ጋሼ መርሻ እኚህ ነበሩ። እርጎውን ከጠጡ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ልጆቹ የሚሉትን ሰምቻለሁ። እኔ አላምንበትም። ግን ልጅቷ ለምን እንደምታፈጥ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አባቴ የገበያና የፍርድ ቤት አማርኛ ያውቃል፤ ሲጠየቅ ይሰማል እንጂ መናገሩን አይወድም። ወደኔ ዞሮ በኦሮምኛ ጠየቀኝ። እኔም በኦሮምኛ «ዓይን አንሱ ስለሚሉን ነዋ» አልኩት።

«ዓይን አንሱ ይሉናል ነው የምትል» አላቸው።

«ዓይን? ማን ነው ዓይን አንሱ የሚል?» ጋሼ መርሻ እርጎ የጠጡበትን ቅል እንደያዙ ቀሩ። «ዓይን በናንተ ምን ይባላል?»

«ኢጃ።»

ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞረው በጣም በቀስታ «እጅ ወደ ላይ» አሉኝ። ዓይኔ ወደ ሰማይ ሄደ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ጭቃ የነካው እጃቸውን፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው። «እጅ ይሄ ነው፣ ዲንቄ» አሉኝ።

አባቴ ጭኑን በጥፊ መታ። እናቴ ምን ተባለ ብላ ጠየቀች፤ ሲነግራት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ እጄን አገላብጬ አየሁት። ያ ሁሉ ዱላ ያረፈበት እሱ ራሱ እጅ ይባል እንደነበር ሳላውቅ ነው የከረምኩት። የሳቀ አልነበረም። ጋሼ መርሻ ለራሳቸው እንደሚያወሩ «አንድ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ» አሉ።

ሰኞ አባቴ ደብተሬን አወረደልኝ።

ጋሼ መርሻ ክፍል ሲገቡ ስለ እኔ ምንም አላሉም። «ዛሬ አዲስ ጨዋታ አለ» አሉ። «እጅ ስል በአማርኛ፣ ኢጃ ስል በኦሮምኛ። የተሳሳተ ይቀመጣል።» እያፈጠኑ ይጠሩ ጀመር። የከተማዎቹ ልጆች እጃቸውን ሲያነሱ ዓይናቸው ይሄዳል፣ ዓይናቸውን ሲያነሱ እጃቸው ይከተላል፤ አንድ በአንድ ተቀመጡ። አስናቀች ከመጀመሪያዎቹ ነበረች፤ አባቷ ከሰሜን የመጣ ፖሊስ ስለሆነ ኦሮምኛ ጭራሽ አታውቅም። ስትቀመጥ ከጫፍ ወደ መሃል፣ ወደኔ ጠጋ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ሳታስብበት ይመስለኛል። «ለዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ በጆሮዬ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ይቅርታ አልተባባልንም።

ከዚያ በኋላ ልዋጩ ተጀመረ። ልዋጭ ዕቃ በዕቃ የሚለውጡ ነጋዴዎች በየሰፈሩ የሚጮሁት ነው፤ ጋሼ መርሻም ጠዋት በሩን ሲከፍቱ እንደነሱ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ይላሉ። እያንዳንዳችን ከቤት አንድ የኦሮምኛ ቃል ይዘን እንመጣለን። ቃሉን በሰሌዳው ግራ በኩል ይጽፉታል፤ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ይሰጡናል። እሳቸው የኛን ሲሉት አፋቸው ይጣመማል፣ እናርማቸዋለን፣ ደግመው ይሳሳታሉ፣ ድርቆሹ እስኪረግፍ እንስቃለን። አስተማሪ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም ነበር። ተሳስተው ደግሞ አይሞቱም፤ አፍንጫቸውን አሻሽተው እንደገና ይሞክራሉ።

አስናቀች ቃል የምታመጣበት ስለሌላት በእረፍት ሰዓት እኔን መለመን ጀመረች። «ዲንቄ፣ አንድ ስጪኝ፤ ትንሽ ትሁን።» መጀመሪያ ሆን ብዬ ምላስ የሚያስሩትን እሰጣት ነበር። እሷም በፋንታው መንገዱን ሁሉ አማርኛ ታወራኛለች። እስከ ጥር ድረስ ማታ ማታ በሕልሜ እንኳ የሷን ወሬ እሰማ ነበር።

አንዳችን ለመመለስ ተነስተን ቃል ሲጠፋን፣ ጋሼ መርሻ ወደ መስኮቱ ሄደው ውጭውን ያያሉ። ስንት ጊዜ ቢፈጅም አይዞሩም። እኔ መጀመሪያ እዚያ ውጭ የሚጠብቁት ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ዘመዳቸው ቀርቶባቸው ይሆናል ብዬ አዘንኩላቸው። አንድ ቀን አንገቴን አስግጌ አየሁ። ምንም የለም፤ አጥርና ሜዳ ብቻ። «ቃሉ እንቢ ካለሽ ዙሪያውን ሂጂ» ይሉኛል ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ምን እንደሚመስል ንገሪኝ፣ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።» እኔም «ያ... በግ ላይ ያለ፣ ብርድ ልብስ የሚሆን» እላለሁ። «ፀጉር» ይላሉ፤ ቃሉ ሲደርሰኝ የተጠማ ሰው ውሃ እንደሚያገኝ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳውን የምናጠቁርበት ነው። ከሰልና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን፣ ቅጠል ጨምቀን እናሸዋለን። ተረኛ ሳልሆንም እቀር ነበር። እጄ እስከ ክንዴ ጠቁሮ ስገባ እናቴ ትቆጣለች፤ እኔ ግን ያንን ጥቁረት አማርኛ መቻሌን ለመንደሩ የሚያሳይ ምልክት አድርጌ ሳልታጠብ አድር ነበር።

መጋቢት ላይ ዳይሬክተሩ ሳይታሰብ ክፍላችን ገቡ። ሁላችንም ተነሳን። አማርኛዬን ላሳያቸው ስለጓጓሁ ከሁሉም ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ «እንደምን አደርሽ!» አልኳቸው። በኦሮምኛ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ እኔም ያ ነገር ገና አልጸናልኝም ነበር። የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሰሌዳው ግራ ሄደ፤ የዚያ ቀን ልዋጭ ገና አልጠፋም።

«ይህ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ ገበያ?» አሉ።

ጋሼ መርሻ «እየተለማመዱ ነው...» ብለው ጀመሩ።

«ያጥፉት።»

ጋሼ መርሻ ማጥፊያውን አነሱ። ቃሎቹን አንድ በአንድ፣ ከላይ ጀምረው አጠፉ። በማግስቱ ክፍል ገብተው ልዋጭ አላሉም። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አማርኛ ብቻ» አሉን፤ ማናችንንም ሳያዩ።

በኔ ምክንያት ነው ብዬ እንደገና ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት የውሃው በርሜል አጠገብ አገኙኝ።

«ያኮረፍሽው እኔን ነው?»

«በኔ ጠፋ» አልኳቸው። «ዳይሬክተሩን ሴት ስላደረግኳቸው።»

ሊስቁ አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ። «በሱ አይደለም፣ ዲንቄ። አንቺ ተናግረሽ ተሳሳትሽ፤ ይህ የኔ ደስታ ነው። የተቆጡት በኔ ነው፤ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው።» ጥቂት አሰቡና «ደግሞ የተከለከልኩት ክፍል ውስጥ ነው። መንገድ ላይ አልተባልኩም» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ከረግረጉ ማዶ የምንኖረውን ልጆች እስከ ጭቃው ጠርዝ ይሸኙን ነበር። ልዋጩም በእግር ሆነ። አስናቀች ቤቷ በተቃራኒው በኩል ሆኖ ሳለ አብራን ትሄዳለች።

ሰኔ ላይ የቃል ፈተና መጣ። የሚፈትነን የራሳችን አስተማሪ አይደለም ተባለ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት ጋሼ ታፈሰ ናቸው። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ማስመሪያው ከፊታቸው ተኝቷል። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«ስለምታውቂው ነገር ተናገሪ» አሉኝ።

ስለ ከብት ጀመርኩ። ላም ስትወልድ ምን እንደምናደርግ፣ ጥጃውን በገለባ እንደምናሽ፣ ወተቱ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ደርሼ ቆምኩ። ባዶ ሆነብኝ። እጃቸው ወደ ማስመሪያው ሲሄድ አየሁት። አንድ ጊዜ አንኳኩ።

«ያ... መጀመሪያ የሚታለበው» አልኩ። ሁለተኛውን አንኳኩ። «ወፍራም ነው። ቢጫ ነው። ለከተማ አይሸጥም። ጥጃው ይጠጣል፣ የተረፈውን ልጆች በእሳት...»

ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ። ማስመሪያው አየር ላይ ቆሟል።

«እንገር» አሉ ጋሼ ታፈሰ።

«እንገር» አልኩ።

«እናቴ ታበስልልን ነበር» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

በሩን አየሁ። ዳይሬክተሩ የሉም። «ስልጋ» አልኳቸው። አልደገሙትም፤ ግን ከማርኬ አጠገብ ጻፉት፤ ተገልብጦም ቢሆን ማንበብ እችል ነበር። ልወጣ ስል ጠሩኝ። ዓይኔን አነሳሁ።

«የሐሞት ጠጠር ነው ያመመኝ» አሉ። «ሐኪሞቹ አውጥተው በብልቃጥ አሳዩኝ። አንቺ አይደለሽም። ለልጆቹ ጋሼ ታፈሰ ናቸው ያሉት ብለሽ ንገሪያቸው።» ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጠበቅኳቸው። «የሚቀጥለው!» አሉ።

ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፍኩ። በዚያው ሳምንት ጋሼ መርሻ ወደ ዓባይ ማዶ መዛወራቸውን ሰማን። ዳይሬክተሩ ጽፈውባቸው ነው ያለ አለ፤ ዕድገት ነው ያለም አለ። እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሚሄዱ ቀን አባቴና እኔ በዝናብ መጣን። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያልፈውን አውቶቡስ መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆመው ሲጠብቁ አገኘናቸው። አባቴ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጣቸው። ልተረጉም መሃላቸው ገባሁ። ጋሼ መርሻ ትከሻዬን ይዘው በቀስታ ወደ ጎን አደረጉኝ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... መምህር...» አለ በአማርኛ። ሱቁ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩት። ፍርድ ቤት ሲስቁበት አይቻለሁና ይስቁ እንደሆነ ብዬ አፍ አፋቸውን አየሁ። ጋሼ መርሻ ዝናቡን ማየት ጀመሩ። «ልጄን... ልጄን ቤቴ ድረስ መጥተህ... ወሰድክልኝ» አለ አባቴ። ከዚያ ደንግጦ «ወሰዱልኝ» ብሎ አረመ።

ጋሼ መርሻም በኦሮምኛ መለሱ። ሰዋስዋቸው ሁሉ ተዛብቶ ነበር፤ ከልጆች ነው የተማሩት። ከልጅቷ ይልቅ የተማሩት እሳቸው እንደሆኑ ለማለት ፈልገው፣ ልጅቷ አስተማሪ አላት፣ አስተማሪው ልጅ ነው፣ የሚመስል ነገር አሉ። አባቴ አላረማቸውም። ሁለቱም ቀስ እያሉ፣ እየተጠባበቁ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ አወሩ። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

አውቶቡሱ ጋሼ መርሻን ይዞ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ጫንጮ ሲያቀና አባቴ ጋቢውን ራሴ ላይ ጣለልኝና መንገድ ጀመርን። ብዙ ሄደን፣ ረግረጉ ጋ ስንደርስ ነው የተናገረው።

«ሰው ሲሄድብህ፣ ሆድህን ባር ባር ሲልህ፣ በአማርኛ ምን ይሉታል?»

«ናፈቀኝ ይሉታል» አልኩት።

«ናፈቀኝ።» ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ናፈቀኝ።»

«አባ፣ አሁን እኮ ነው የሄዱት።»

«አውቃለሁ» አለ ወደ ጭቃው እየገባ። «ነገ ስለሚያስፈልገኝ ነው።»